የዓባይ እንግዳ የት ይደር?

የወንዝ ዳር የዕረፍት ቤት ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ለምለም ሣር፣ ከውሃው ጥቂት እርምጃ ርቆ የቆመ ቤትና ማለዳ በር ሲከፈት የሚሰማ የወንዝ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለው ማረፊያ ለባሕር ዳር ወይም ለሐዋሳ ይስማማ ይሆናል፤ ለምሥራቅ ጎጃም ግን አይሆንም። በቢቸናና በሞጣ በኩል የዓባይ ዳር ማለት ገደል ማለት ነው። የአገሬው ሰው ወንዙ ያለበትን ምድር የሚጠራው "በረሃ" ብሎ ነው። ወደ ዓባይ የሄደ ሰው "በረሃ ወረደ"፣ የተመለሰው ደግሞ "ከበረሃ ወጣ" ይባላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ከትውልድ ትውልድ የተጠራቀመ ዕውቀት አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ሙግትም ከዚያው ዕውቀት ይነሣል። ምሥራቅ ጎጃም የዓባይን እንግዳ የሚያሳድር ቤት ያስፈልገዋል። ቤቱ መሠራት ያለበት ግን አፋፉ ላይ ነው፤ ባለቤቱም አፋፉ ላይ የሚኖረው ባላገር ቢሆን ይበጃል።

ጎጃምን በካርታ ላይ ያየ ሰው ዓባይ እንዴት እንደሚከበው ያስተውላል። ከጣና ደቡባዊ ጫፍ የወጣው ወንዝ በአቋራጭ ወደ ሱዳን አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ በመጨረሻ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ ከአገር ይወጣል። በዚህ ጥምጥም መካከል የቆመው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ ነው፤ ከእሱ የሚነሡት እንደ ሙጋና ሱሃ ያሉ ወንዞችም ምድሩን እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ቢቸናና ሞጣ የተቀመጡት በተራራውና በገደሉ መካከል በተዘረጋው ደገኛ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሜዳው ጤፍ የሚያበቅል ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ወደ ምሥራቅ ሲዘልቁ ግን ይህ ሜዳ ድንገት ያልቅና ምድር ትከፈታለች። ደጀን አጠገብ ዋናው መንገድ ወደ ሕዳሴ ድልድይ በሚወርድበት በኩል ገደሉ ምን እንደሚመስል ማንም ተሳፋሪ ያየዋል፤ ከአፋፉ እስከ ውሃው ድረስ ከ1,000 ሜትር እጅግ የበለጠ ቁልቁለት ነው። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቶ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። ከሥሩ የሚታየው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ አገሩ ባሕር በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው። ከዚያም በታች ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል። መጽሐፍ ገጽ በገጽ እንደሚገለጥ፣ ወንዙ የምድርን ዘመናት ቆርጦ ከፍቷቸዋል። ይህ ሁሉ ታች ውሃው ዳር ለቆመ ሰው አይታይም፤ እዚያ የሚታየው የፊት ለፊቱ ግድግዳ ብቻ ነው። አፋፉ ላይ የቆመ ግን ሁሉንም ያያል፤ አሞራ እንኳ ከእግሩ በታች ሲያንዣብብ ጀርባውን ይመለከታል።

ሰው የሰፈረበትንም ቦታ ማየት ያስፈልጋል፤ ለክርክሩ ዋነኛው ማስረጃ እሱ ነውና። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ገደሉን በስተቀኝ እያደረገ በደጋው ላይ ይሄዳል። ከተሞቹና ታላላቆቹ ገዳማት ሁሉ ያሉት በዚህ መንገድ ዙሪያ ነው፤ ውሃው ዳር የተቆረቆረ ከተማ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአገራችን ወባ በአመዛኙ የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር ነው፤ አባቶቻችን ትንኟን ሳያውቁ "የበረሃ ንዳድ" ብለው ሸሽተውታል። ሙቀቱ ደገኛን ያደክማል። ክረምት ሲገባ ወንዙ የሁለት ክፍለ ሀገር አፈር ይዞ ቡናማ ሆኖ ይሞላል፤ በበጋ ልጅ ድንጋይ እየረገጠ የቆመበት ቦታ በነሐሴ ከብዙ ሜትር ውሃ በታች ይውላል። ስለዚህ ሰው በረሃውን ለእርሻ፣ ለእንጨት፣ ለከብት መሰማሪያና ለመሻገሪያ ይወርድበታል እንጂ አያድርበትም። ዛሬ አንድ ሰው ከውሃው ዳር ማረፊያ ልሥራ ቢል ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ሊሟገተው ነው ማለት ነው።

አፋፉን ይዞ የሚጓዝ እንግዳ ምን ያገኛል? መጀመሪያ ቢቸናን ያገኛል። ቢቸና የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ ስሟ ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በላይ ጣሊያንን በአምስቱ የወረራ ዓመታት የተዋጋው በዚሁ አገርና በዚሁ ገደል ነው፤ ከነፃነት በኋላም በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ታሪኩን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው አፋፉ ላይ ሲቆም ብዙ ነገር ይገባዋል። መድፍና ካሚዮን ያለው ጦር እዚህ ምድር ላይ ምን ያህል እንደሚቸገር፣ መውረጃውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ምን ያህል ጌታ እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ አስጎብኚ አያስፈልግም፤ ገደሉ ራሱ ያስረዳል። ከአውሮፕላን ባሕር ዳር ላይ የሚወርድ እንግዳ የሚያርፍበት ጣቢያ የበላይ ዘለቀን ስም መያዙን ያውቅ ይሆናል፤ የሰውየው አገር የት እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ገዳሙን አቡነ ተከስተ ብርሃን እንደመሠረቱት ይነገራል፤ ለብዙ ዘመንም የትምህርት አድባር ሆኖ ኖሯል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዲማ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው "ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥም የፊታውራሪ መሸሻን ግቢና የሰብለ ወንጌልን ቤት ያስቀመጡት እዚያው ነው። ልቦለዱን ከመጽሐፉ ይልቅ በራዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሚያስታውሰው አንባቢ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ያ ሰው ዲማን ለማየት ሌላ ማስታወቂያ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ማታ የሚያድርበት ቤት ነው። በሌላው ዓለም የአንድ ልቦለድ ገጸ ባሕርይ ኖረበት የተባለ መንደር ስንት እንግዳ እንደሚያስተናግድ ስናስብ፣ እኛ ዲማን እንዲህ ዝም ብለን ማለፋችን ያሳዝነኛል።

ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ ከከተማዋ በላይ ጉብታ ላይ ደብረ ወርቅ ማርያም ትታያለች፤ ቅዱስ ሉቃስ ሣላት ተብላ የምትታመነው ሥዕል የምትጠበቀው በዚያ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ገደሉ ጠጋ ብላ የምትገኘው መርጡለ ማርያም ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይገባታል። ትውፊቱ ከክርስትና በፊት መሥዋዕት ይሠዋባቸው ከነበሩት ከአክሱም፣ ከጣና ቂርቆስና ከተድባበ ማርያም ጋር ይቆጥራታል። በታሪክ የሚታወቀው ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ እጅግ ያማረ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠራችባት ነው። ያ ሕንፃ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጠፋ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ደግመው ሠሩት፤ እሱም በተራው ፈረሰ። ዛሬ በግቢው ውስጥ የቆመው ፍርስራሽ የዚህ ሁሉ ምስክር ነው። ድንጋዮቹን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የጠራቢው መሮ አበባና ሐረግ አውጥቶባቸዋል፤ አንዱ ቅርጽ ገና ዛሬ የተጠረበ ይመስላል፣ አጠገቡ ያለውን ዝናብ አጥቦት ጣት ብቻ የሚያገኘው ሻካራ ምልክት ሆኗል። በአንድ ግቢ ውስጥ የንግሥት እሌኒ መታሰቢያ፣ የኢየሱሳውያን ግንብ፣ የዛሬው ምእመን ቅዳሴ። ለዚህ አንድ ከሰዓት አይበቃም።

ከዚያ ሞጣ። ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ወደ ሰባራ ድልድይ የሚወርድ እንግዳ መነሻም እሷ ናት። ድልድዩ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ባለው ጊዜ ውስጥ በኖራና በድንጋይ የተሠራ ሲሆን ጎጃምን ከጎንደር ወገን ጋር ያገናኛል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም የዚያው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ወንዙ እዚህ ላይ በጠባብ ዓለት መካከል ተጨንቆ ያልፋል፤ ቦታው የተመረጠው ለዚህ ነው። እንደሚነገረው በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መካከለኛውን ቅስት አፈረሱት፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ሰባራ ሆኖ ቀረ። ሰው ግን መሻገሩን አልተወም። ገበያ ያለበት፣ ሐኪም የሚፈልግ፣ ዘመድ የሞተበት ሁሉ ገመድ ወገቡ ላይ ታስሮለት ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ወንዶች እየሳቡ ያሻግሩት ነበር። ከሥሩ ውሃው ያገሳል፤ በእጁ ያለው ገመድ ብቻ ነው፤ ሳቢዎቹ እጃቸው ከላላ አለቀለት። በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የወጣውን የዚህን መሻገሪያ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ አየው። በዚያው ምክንያት ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባል ድርጅት አቋቋመና በ2002 ቅስቱ ተጠገነ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ለእግረኛ ድልድይ ሠርቷል፤ መነሻው ግን ሞጣ ሥር ያለው ይህ ስብራት ነው። ጥገናውን ኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 በጎኑ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። አሮጌው የድንጋይ ቅስትና አዲሱ የብረት ገመድ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ የክረምት ውሃ ምን ማድረግ እንደሚችል ለሚጠራጠር ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን ይህን አገር በአንድ ቀን ማየት አይቻልም። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ይፈልጋል። ዛሬ ግን አብዛኛው መንገደኛ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሲሄድ በደብረ ማርቆስ በኩል ያልፋል፤ በሞጣ በኩል የመጣውም ምሳ በልቶ ይነሣል። "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" የሚለውን ተረት ስለባከነ ውሃ ስንጠቅሰው ኖረናል። እዚህ ግን ቃል በቃል እውነት ነው፤ ወንዙን ብሎ የመጣ ሰው ማደሪያ የለውም። "ከተሞቹ ውስጥ አልጋ አለ እኮ" ይባል ይሆናል። አለ፤ መንገደኛም ያድርበታል። ዋና መንገድ ዳር ያለ አልጋ ግን የሚያገለግለው ነገ ማለዳ ለሚሄድ ሰው ነው። ከአሜሪካ ልጆቹን ይዞ የመጣ አባት፣ እናቷን መርጡለ ማርያም ልታሳልም የመጣች ሴት፣ ወይም ከአዲስ አበባ ተቧድነው የመጡ ወጣቶች ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። ሁለትና ሦስት ክፍል ከነኩሽናው፣ በቀን ሳይሆን በሳምንት የሚከራይ፣ በራፉ ላይ ቁጭ ተብሎ ቡና የሚጠጣበት ቤት። ኩሽናው ትንሽ ነገር አይደለም። ከዓመቱ ግማሽ የሚያህለው ጾም በሆነበት አገር፣ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ የመጣ ቤተሰብ በራሱ ሰዓት፣ የራሱን ምግብ ማብሰል መቻሉ ከምንጣፍና ከቴሌቪዥን ይበልጥበታል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ "እንግዳ ውሃውን መንካት ይፈልጋል፤ ከሩቅ ማየት አያረካውም" የሚል ነው። ፍላጎቱ እውነት ነው፤ መልሱን ለማግኘት ግን የሌላውን ልምድ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ አሪዞና የሚገኘው ግራንድ ካንየን በጥልቀቱ ከዓባይ ገደል ጋር የሚወዳደር ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1905 የተከፈተው ታዋቂው ኤል ቶቫር ሆቴል የተሠራው አፋፉ ጫፍ ላይ ነው። ታች ወንዙ አጠገብ በ1922 የተሠራ ፋንተም ራንች የሚባል ማደሪያ አለ፤ ግን ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ጎብኚ እሱን ሳያይ ይመለሳል፣ ከአፋፉ ባየውም ረክቶ ይሄዳል። የፓርኩ ጠባቂዎችም ወንዙ ድረስ ወርዶ በአንድ ቀን ለመመለስ መሞከር አደገኛ መሆኑን ያስጠነቅቃሉ፤ ተራራ መውጣት ሲጀመር ይከብዳል፣ ገደል መውረድ ግን የሚከብደው ሲመለሱ፣ ውሃ ሲያልቅና ፀሐይ ሲበረታ ነውና። የእኛም እንግዳ ውሃውን ይንካ። ሌሊት ተነሥቶ ከመሪ ጋር ይውረድ፣ ድልድዩን ይሻገር፣ ጥላ ሥር ይረፍ፣ ከዚያ ይውጣ። ሲወጣ የሚጠብቀው ቀዝቃዛ አየርና ንዳድ የሌለበት መኝታ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ።

ወንዙ ራሱም ቀላል አጫዋች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ዓባይን በጀልባ ለመውረድ መጥቶ አንድ ሰው በውሃ አጥቷል። ከጣና ጀምሮ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ወንዙን ሙሉ በሙሉ የወረዱት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተሳካላቸው ገና በ2004 ነው። አዞም አለ። ቤተሰብ ይዞ ለመጣ ሰው "የመዋኛ ዳርቻ" ብሎ ይህን መሸጥ አደራ መብላት ነው። አንድ ሌላ ትምህርትም ከጢስ ዓባይ ልንወስድ እንችላለን። የፏፏቴው ዝና ዓለም አቀፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ውሃው ወደ ማሽኑ ተጠልፎ ፏፏቴው ለብዙ ቀናት ቀጥኖ መታየት ጀመረ። ኑሮውን በውሃው መልክ ላይ ብቻ የመሠረተ የጉብኝት ሥራ ውሃው ለሌላ ጉዳይ በተፈለገ ጊዜ ይወድቃል። ገደሉ፣ ገዳማቱና ድልድዩ ግን የትም አይጠለፉም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገንዘብ በላይ ስለሆነ የበለጠ ይከብደኛል። ጎጃም ውስጥ የመሸበት ሰው ደጃፍ ቆሞ "የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ" ካለ ቤት ይከፈትለታል፤ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። የቆሎ ተማሪም "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ዞሮ ለምኖ የተማረው በዚሁ ባህል ነው። "ይህን በገንዘብ ስንሸጠው አይረክስም ወይ?" የሚል ሰው አለ፤ ሊናቅም አይገባውም። እኔ ግን ሁለቱ አይምታቱ ባይ ነኝ። የእግዚአብሔር እንግዳ የሚባለው የመሸበት፣ ምርጫ ያጣ ሰው ነው፤ ዕረፍት ፈልጎ፣ ገንዘብ ይዞ፣ ቀን ቆጥሮ የመጣ ሰው ሌላ ነው። ባለገንዘቡን በነፃ ማሳደር ደሃው ባለቤት ለሀብታሙ እንግዳ እንዲሠዋ ማድረግ ይሆናል። ሰሜን ወሎ መቄት ላይ የሆነው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቴስፋ በሚባለው እንቅስቃሴ አማካይነት የመቄት ገበሬዎች እንደ መቋት ማርያም ባሉ ቦታዎች፣ ልክ አፋፉ ጫፍ ላይ፣ በአገሩ ድንጋይና ሣር ጎጆ ሠርተው እንግዳ ማሳደር ጀመሩ። የሚያበስሉት፣ ጓዝ የሚጭኑት፣ መንገድ የሚመሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ገቢውም ለመንደሩ ነው። እዚያ ያደረ የውጭ አገር ሰው የሚያወራው ስለ አልጋው ሳይሆን ስለ ገደሉና ስለ አሳዳሪዎቹ ነው። በራሱ በምሥራቅ ጎጃምም የጮቄ የኢኮ መንደር እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ተመርጧል። እንግዲህ ትምህርቱ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ ከቢቸና ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው።

ገዳማቱን በተመለከተ ጥንቃቄው ከፍ ማለት አለበት። ዲማም መርጡለ ማርያምም ሙዚየም አይደሉም፤ ቅዳሴ የሚቀደስባቸው፣ ተማሪ የሚኖርባቸው ግቢዎች ናቸው። ማረፊያ ቤቱ ከግቢው ራቅ ቢል፣ አከራዩ ለእንግዳው ጫማ የት እንደሚወልቅ፣ ነጠላ እንዴት እንደሚለበስ፣ ፎቶግራፍ መቼ እንደማይነሣ ማታውኑ ቢነግረው ካህናቱም እንግዳውም ይከባበራሉ። ይህን ከአገሩ ሰው የተሻለ የሚነግር የለም። ሆቴል ተቀጥሮ የመጣ ሰው ሥርዓቱን ከወረቀት ያነብበዋል፤ እዚያው ያደገች እናት ግን "ተው ልጄ፣ አሁን እግዚኦታ ላይ ናቸው" ትለዋለች።

"አንድ ትልቅ ባለሀብት መጥቶ ሎጅ ቢሠራ ብዙ ሥራ ይፈጥር የለም ወይ?" የሚለውም መልስ ይፈልጋል። ይፈጥራል፤ ጎርጎራ ላይ እንደተሠራው ያለ ትልቅ ሥራ የራሱ ቦታ አለው። እዚህ ግን ሰላሙን ሳናነሣ ስለዚህ ነገር መናገር አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የአማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ቆይቷል፤ ከዚያ በፊት የሰሜኑ ጦርነትና ወረርሽኙ እንግዳ አስቀርተዋል። "ሰው ሲሞት ስለ ዕረፍት ቤት ማውራት ምን ይሉታል?" የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ክርክሬን የሚያጠነክረው ይኸው መከራ ነው። በባንክ ብድር የተሠራ ሎጅ እንግዳ ሲቀርበት ብድሩ አይቆምም፤ ሠራተኛው ይበተናል፣ ሕንፃው ይዘጋል። ባላገሩ ከግቢው አጠገብ የሠራት ሁለት ክፍል ቤት ግን እንግዳ ሲጠፋ እህል ይቀመጥባታል፣ ልጅ ይዳርባታል፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ዘመድ ይጠጋባታል። ሰላም ሲመለስ ተጠርጋ እንደገና ትከራያለች። ባለቤቷ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጤፉን ከማረስ አልቦዘነም። ሥራው ከአደጋ የሚተርፈው ትንሽ በመሆኑ ነው። አፋፉን ማን ይያዘው የሚለውም ነገር እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ካልታሰበበት፣ ሰላም በሰፈነ ማግሥት ጥሩ ጥሩው ቦታ ታጥሮ የመንደሩ ልጅ የራሱን ገደል በቆርቆሮ ቀዳዳ የሚያይበት ቀን ይመጣል።

ቤቷ ምን ትምሰል ለሚል፣ አገሩ ራሱ ብዙውን ነገር ወስኖታል። ደጋው ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ወፍራም ጋቢ ያስፈልጋል። ስለዚህ ግድግዳው ከአገሩ ጥቁር ድንጋይ ቢሆን የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል፤ ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ካልገባ ግን ሌሊቱን ሁሉ ብርድ ያወርዳል። ውሃ ከሁሉ በላይ ነው። ከታች የሚሄደው ውሃ ለቤቷ አይደርስም፤ የክረምቱን ዝናብ ከጣራ የሚያጠራቅም ሮቶ ካልተተከለ እንግዳውና መንደሩ በአንድ ምንጭ ይሻማሉ፣ ያኔ ጠብ ነው። ቤቷ ከገደሉ ጫፍ በቂ ርቀት ወደ ኋላ ትስፈር፤ አፋፉ በየክረምቱ ይናዳል፣ ሕፃናትም ይመጣሉ። በራፏ ወደ ምሥራቅ ይዙር። ከቢቸናና ከመርጡለ ማርያም በኩል ከገደሉ ማዶ የሚታየው የወሎ ደጋ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣው ከዚያ ነው። ማለዳ በረሃው ገና በጉም ተሞልቶ ሳለ ብርሃኑ ቀድሞ በራፉን ያገኘዋል፤ ጋቢውን ተከናንቦ የወጣ እንግዳ ቡናው እስኪፈላ ይሞቃል። ጉሙ እየሳሳ ሲሄድ መጀመሪያ የኖራ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ የታችኛው ቀይ ግድግዳ፣ በመጨረሻም ከሥር እንደ ክር የቀጠነው ውሃ ይታያል።